የቀድሞ ዋጋ

"ሁለት ሺህ አራት መቶ ብለሽ ጻፊ አልኩሽ እኮ!" አለ ፈሪድ ጣቱን ወደ ኮምፒውተሩ እየቀሰረ። "ከዚያ መስመር አስምሪበት። ከሥሩ ሺህ ዘጠኝ መቶ በይ። አለቀ።"

"ሺህ ዘጠኝ መቶ አሁን የምንሸጥበት ዋጋ ነው" አለች ሀዊ። ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ላይ አልነቀለችም። "ታዲያ የቀነስነው ምኑን ነው?"

"የቀነስነውማ የጻፍነውን ነዋ!"

ከበስተኋላቸው፣ በአንሶላ ክምር መሀል የተቀመጠችው ዘርፉ ሳቋ አመለጣት።

"እማ፣ አትሳቂ።"

"በእሱ ነው የሳቅሁት። አንቺማ ምንሽ ያስቃል።"

ክፍሉ ከአዳማ ገበያ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ መጋዘን ነው። ገና ከረፋዱ ይሞቃል። ሦስቱ ግድግዳዎች እስከ ጣሪያው ድረስ በመደርደሪያ ተሸፍነዋል፤ መደርደሪያዎቹም በጥንድ በጥንድ በታሸገ አንሶላ ተሞልተዋል። አንሶላውን ዱከም ካለ ፋብሪካ ገዝቶ የሚያመጣው ፈሪድ ነው። ባቱ ውስጥ የራሱ ሱቅ አለው፤ ለሀዊ የሚሰጣት የተረፈውን ሳይሆን የተሻለውን ነው፤ ይህንንም እሷ ታውቃለች። የኢንተርኔት መደብሩን ያቆመችው ግን እሷ ናት። የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች በእናቷ አልጋ ላይ አንሶላ እያነጠፈች አንስታለች፣ እያንዳንዱን ዕቃ በራሷ ድምፅ አስተዋውቃለች። ከሞጆ እስከ መተሐራ ያሉ ደንበኞች ፊቷን ባያውቁ ድምፅዋን ያውቃሉ። ዘርፉ ደግሞ ጉልበቷ አስቸግሯት የጨርቅ ሱቋን ከዘጋች ወዲህ ስልክ በማንሳትና ዕቃ በማጠፍ ታግዛታለች።

የጥር ሠርግ ጀምሮ ነበር። የሙሽራ አልጋ የሚያለብስ ሁሉ አንሶላ የሚገዛበት ወቅት ነው። ሀዊ የቅናሽ ዘመቻ ልትከፍት ተነሳች፤ ፈሪድም ተስማማ። የተጣሉት የመደብሩ ፕሮግራም ውስጥ ያለ አንድ ባዶ ሣጥን ላይ ሲደርሱ ነው። ሣጥኑ "የቀድሞ ዋጋ" ይላል። እዚያ የተጻፈው ቁጥር ተሰርዞ ከአዲሱ ዋጋ በላይ ይታያል።

"ስሚኝ ሀዊዬ" አለ ፈሪድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ ባቱ ሱቅ ውስጥ የጠሩለትን ዋጋ ከፍሎ የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። እንዳሰብሽው ሦስት መቶ ቀንሰሽ ሺህ ስድስት መቶ ስትያቸው ሺህ ሦስት መቶ ይሉሻል። ያን ጊዜ ምን ልትቀንሺላቸው ነው? ቆዳሽን?"

"ሱቅህ የገባ ሰው ፊትህን ያያል። ሁለት ሺህ አራት መቶ ስትለው እየሞከርከው እንደሆነ ያውቃል፤ እሱም ሺህ ብሎ ይሞክርሃል። እዚህ ግን የተጻፈ ነገር ነው። ያመነኝ ሰው ብቻ ነው የሚሞኘው።"

"ባለፈው ወር ስንት እንደነበረ ማን ያስታውሳል?"

"ስልካቸው ያስታውሳል።"

ፈሪድ ወደ ዘርፉ ዞረ። "እትዬ ዘርፉ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ዕድሜዎን ሙሉ ሲነግዱ አስወድደው አልጠሩም?"

"ጠርቻለሁ እንጂ" አለች ዘርፉ የትራስ ልብስ እያጠፈች። "አስወድጄ ጠርቼ አርክሼ ሸጫለሁ። ግን የጠራሁትን ግድግዳ ላይ አልጻፍኩም። ማታ ረስቼው ነው የምተኛው።"

"ይኸው! ከእኔ ጋር ናቸው።"

"ከማንም ጋር አይደለሁም። ጉልበቴን ነው የማስታምመው።"

ፈሪድ ሳቀ፤ ነገር ግን ነገሩን አልተወውም። ከፋብሪካው አዲስ ዕቃ ሊመጣ ነው፣ መጋዘኑ ደግሞ መፈናፈኛ የለውም። ስለዚህ እንዲህ አለ፦ ሀዊ በራሷ መንገድ ትሞክር። እስከ እሁድ ማታ ከመደርደሪያው ግማሹ ካልወጣ ግን ከእንግዲህ ዋጋ የሚወስነው እሱ ይሆናል። የመደብሩን የይለፍ ቃልም ትሰጠዋለች።

ሀዊ የይለፍ ቃሉን ሰጠች ማለት በእሷ ድምፅ ሥር እሱ የፈለገውን ይጽፋል ማለት ነው። ደንበኞቹ ደግሞ የሚወቅሱት ድምፁን ነው።

"ከወጣስ?" አለች።

"ከወጣ ስለ ዋጋ ትንፍሽ አልልም።"

"እማ፣ ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ። ግን አንዳችሁም ያላችሁትን አታደርጉትም" አለች ዘርፉ።

ዓርብ ጠዋት ሀዊ ዘመቻውን ስታዘጋጅ ማንንም አላማከረችም። ሥራውን ታውቀዋለች። ፕሮግራሙ በፐርሰንት እንድትቀንስ ቢጋብዛትም አልተቀበለችም፤ በፐርሰንት የተቀነሰ ዋጋ የዝርዝር ብር ጅራት ያወጣል፣ ጅራት ያለው ዋጋ ደግሞ ለሰው አይጥመውም። ድፍን ሦስት መቶ ብር ቀነሰች። ነጩን አንሶላ ከቅናሹ አወጣችው፤ ነጭ አንሶላ የእንግዳ ማረፊያዎች ዓመቱን ሙሉ ይገዙታል። "የቀድሞ ዋጋ" በሚለው ሣጥን ውስጥ ሺህ ዘጠኝ መቶ ጻፈች። ማብቂያውን እሁድ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አደረገች። ከዚያ የእናቷን ስልክ ተቀብላ እንደ ገዢ ሆና ገባች፣ ዕቃ መረጠች፣ እስከ መክፈያው ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ሁሉም እንዳሰበችው ይሠራል። በመጨረሻ አጭር ቪዲዮ ቀርጻ በቴሌግራም ለቀቀች።

ስልኩ ለመጮህ ጊዜ አልፈጀበትም። ዘርፉ አነሳችው።

"መጨረሻው ስንት ነው?" አለ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

"መጨረሻው የተጻፈው ነው የኔ ልጅ።"

"እሱማ መጀመሪያው ነው። መጨረሻውን ነው የምጠይቅዎት።"

"ሺህ ስድስት መቶ።"

"ሺህ ሁለት መቶ አሁኑኑ ልላክልዎት።"

"ለራስህ ሠርግ ነው?"

"ለእህቴ ነው።"

"ለእህትህ ሆኖ ነው እንዲህ የምትከራከረኝ? እሷ ብትሰማህ ምን ትላለች?"

ሰውዬው ከልቡ ሳቀ። "እንኳን እርስዎ ሱቅ አልገባሁ፣ ባዶ ኪሴን ነበር የሚሸኙኝ" ብሎ ስልኩን ዘጋ። አልገዛም።

ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነበር። ሰዎች ገብተው ያያሉ፣ አንሶላውን ይመርጣሉ፣ መክፈያው ላይ ሲደርሱ ትተውት ይደውላሉ። ሀዊ በኮምፒውተሯ ላይ ታያቸዋለች፤ ልክ በር ላይ ቆመው እንደሚያመነቱ ሰዎች። አሳንሰው የሚጠሩትን ዋጋ ይዘው ነበር የሚደውሉት። የተቀነሰው ዋጋ ለእነሱ የክርክሩ መነሻ ሆኗል።

ከሰዓት በኋላ ከዓለም ጤና ከተማ አንዲት ልጅ ደወለች።

"አካም ጅርቱ፣ ሀዊ ነሽ?"

"ነኝ። አካም፣ ደህና ነሽ?"

"ድምፅሽን አውቄዋለሁ። ስሚኝማ፣ ባለፈው ወር አንሶላውን ከነዋጋው ከገጽሽ ላይ ፎቶ አንስቼው ነበር። አሁን ሳስተያየው እውነትም ሺህ ዘጠኝ መቶ ነበር! ሌሎቹ እኮ ትናንት ጨምረው ዛሬ ቀነስን ይላሉ። አንቺ ግን አልዋሸሽም።"

ሀዊ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ፈሪድን በዓይኗ ጠራችው። ፈሪድ በጆንያ የታሰረ ዕቃ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል።

"ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ እህቴ። ታዲያ ስንት ጥንድ ልላክልሽ?"

"እንዴ! መጨረሻውን ንገሪኝና!"

ፈሪድ ቆሎው ትን ብሎት አሳለው። ሀዊም ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም።

"እውነተኛ ነሽ አለችሽ" አለ ፈሪድ ትንፋሹ ሲመለስ። "እውነተኛ ብላሽ ሄደች። ሰው የሚደውለው የሚያስቀንሰው ነገር ፈልጎ ነው። አንቺ ደግሞ የሚቀነስ አላስቀመጥሽም። አሁንም ጊዜ አለ።"

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መደርደሪያዎቹ ብዙም አልጎደሉም ነበር። ዘርፉ ምሳ ልታመጣ ወጥታለች። ፈሪድ ወደ አውቶቡስ ተራ ዕቃ ሊያደርስ ሄዷል። ሀዊ ብቻዋን ስትሆን "የቀድሞ ዋጋ" የሚለውን ሣጥን ከፈተች። ሺህ ዘጠኝ መቶውን አጥፍታ ሁለት ሺህ አራት መቶ ጻፈችበት። ፕሮግራሙ ወዲያው መስመር አሰመረበትና እንዴት እንደሚታይ አሳያት። ያምራል። በትልቁ ቁጥር ሥር ሺህ ስድስት መቶው እንደ ስጦታ መሰለ። አንድ ጊዜ ብትጫነው ሰው ሁሉ ያየዋል። ጣቷ እዚያው ቆየ። የዓለም ጤናዋ ልጅ ባለፈው ወር ያነሳችውን ፎቶና ዛሬ የምታየውን ጎን ለጎን ይዛ፣ ያንኑ የትናንቱን ጨዋታ በወቀሳ ድምፅ ስትጀምር ታሰባት። ቁጥሩን አጥፍታ ሺህ ዘጠኝ መቶውን መለሰችው።

ስልኩ ጮኸ።

"ልጄ፣ ከወንጂ ነኝ። አማረች እባላለሁ" አለች አንዲት ሴት። ከጀርባዋ የዶሮና የልጆች ድምፅ ይሰማል። "ልጄን ልድር ነው። ያን ሰማያዊውን አንሶላ አይቼዋለሁ። ሺህ ስድስት መቶው ጥሩ ነው፤ አልከራከርሽም።"

ሀዊ ቀና ብላ ተቀመጠች። "እንኳን ደስ ያለዎት እማማ አማረች።"

"እንኳን አብሮ ደስ አለን። ሦስት ጥንድ እወስዳለሁ። ምን ትመርቂልኛለሽ?"

"እማማ፣ ቅናሽ አድርገናል እኮ። በያንዳንዱ ላይ ሦስት መቶ ብር ቀንሰናል።"

"እሱማ ለአገሩ ሁሉ ነው። የማታውቂውም ሰው ዝም ብሎ ገብቶ ያገኘዋል። እኔ ደውዬ፣ ልጄ ብዬሽ፣ ሦስት ጥንድ ወስጄ፣ እንዲሁ ልትሸኚኝ ነው? ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴትዮ እንኳ መዝና ስታበቃ ሁለት ራስ ትጨምርልኛለች።"

ሀዊ የእናቷ ሱቅ ትዝ አላት። እናቷም ሱቅ ሳለች ጨርቁን በክንድ ከለካች በኋላ ጥቂት አስረዝማ ነበር የምትቀደው። የገዢዎቹን ፊት ታስታውሳለች፤ ከዋጋው ክርክር ይልቅ በዚያች ጭማሪ ላይ ነበር ፊታቸው የሚፈታው። መደርደሪያው ጥግ ያለውን ካርቶን ተመለከተች። ፋብሪካው ጥንዳቸው የጠፋ የትራስ ልብሶችን በትንሽ ዋጋ ጨምሮ ይልካል፤ ለብቻቸው የሚገዛቸው ስለሌለ ተከማችተዋል።

"የትራስ ልብስ እመርቅልዎታለሁ" አለች።

"ምን ዓይነት?"

"ምን ዓይነት ይፈልጋሉ?"

"ቢጫ አለሽ? አበባ ያለበት?"

ሀዊ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ካርቶኑን አገላበጠች። ቢጫ አበባ ያለበት ተገኘ።

"የልጄ አበልጅ እንደሱ ያለ አላት፤ የእኛንም ትየው እንግዲህ!" አለች አማረች። ስልኩ ሳይዘጋ ገንዘቡ ገባ።

ዘርፉ ምሳውን ይዛ ስትመለስ ሀዊ ሁለት ደዋዮችን ከወንጂ አስተናግዳ ነበር። ሁለቱም የአማረች ጎረቤቶች ናቸው፤ ሁለቱም "እንደ አማረች አድርጊልኝ" ነበር ያሉት። አንዷ እንዲያውም ቢጫውን በቀይ ለማስለወጥ ቀላል ያልሆነ ክርክር ውስጥ ገብታ አሸንፋለች።

ሀዊ ምሳውን ሳትቀምስ ዘመቻውን እንደገና ከፈተችው። ዋጋውን አልነካችም። ከክፍያው በፊት አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ "ምን እንመርቅልዎ?" ከሥሩ ፎቶዎች ደረደረች፤ የትራስ ልብስ በየቀለሙ፣ የእጅ ፎጣ፣ የወጥ ቤት ጨርቅ። መርጠው ካላስገቡ አይታለፍም። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የምርቃቱን ዋጋ ከአንሶላው ላይ ደመረባት። ተመልሳ አስተካከለችው፤ እንደገና በእናቷ ስልክ ሞከረችው።

"ምርቃት ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል እንዴ?" አለች ዘርፉ ከላይ አጎንብሳ እያየች።

"ገባ።"

"ሴትዮዋ 'ሌላኛውን አሳዪኝ' ብትልስ?"

"ጣቷን ወደ ጎን ትጎትታለች፤ ይኸው ይታያታል።"

ዘርፉ ሞከረችው። ፎቶዎቹን እስከ መጨረሻው አይታ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች፤ ከዚያ ደግሞ ወደ መሀሉ። "አረንጓዴው ይሻለኛል" አለች።

ፈሪድ ሲገባ ፊቱን አኮሳተረ። "ነፃ ዕቃ ልትበትኚ ነው?"

"እነዚህን የትራስ ልብሶች ስንት ገዛሃቸው?"

"እነዚያማ... ከምንም አይቆጠሩም።"

"ባቱ ላይ አንዱ ገዢ ሲከራከርህ ስንት ትቀንሳለህ?"

ፈሪድ ካርቶኑን በእግሩ ጫፍ ገፋ አደረገው። "እሱስ ልክ ነሽ" አለ ቆይቶ። "ግን ሁለት ሁለት መርቂ ይሉሻል።"

"ይበሉኛ! በዚያ እማ ትከራከራቸዋለች።"

እሁድ ዘርፉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኩ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ለመነሳት ጊዜ አላገኘችም።

"ሁለት ልመርቅልሽ? ለሁለት ጥንድ? የኔ እናት፣ ሦስት ግዢና ሁለት ልመርቅልሽ... እሺ፣ ጎረቤትሽን አስገዢና ያንቺን ሁለት አደርገዋለሁ... ባልሽን አቅርቢልኝ፣ እሱ ይሻለኛል ለመነጋገር!"

ትዕዛዙ ከመቂ፣ ከሞጆ፣ ከመተሐራ ይመጣል። ፈሪድ እጅጌውን ጠቅልሎ ዕቃ ያስራል፣ ስም ይለጥፋል፣ ባጃጅ ጠርቶ ወደ አውቶቡስ ተራ ይልካል፤ ከሚኒባስ ረዳቶች ጋር በስልክ ይጨቃጨቃል። እኩለ ቀን ላይ አንደኛው ግድግዳ ባዶውን ቀርቶ የቀለሙ መላላጥ ታየ። ከዚያ ሁለተኛውም ተጋመሰ። ፈሪድ መሀል ላይ ቆሞ ዙሪያውን ተመለከተ።

"ተሸነፍኩ" አለ። "ዋጋ የሚባል ቃል ከአፌ አይወጣም።"

"እኔ ግን ምሳ የሚባል ቃል ከአፍህ ቢወጣ ደስ ይለኛል" አለች ዘርፉ።

ፈሪድ ክትፎ ጋበዛቸው። ሀዊ በአንድ እጇ እየበላች በሌላው ትጽፋለች። የይለፍ ቃሏ የራሷ ነው። ይህን ጮክ ብላ አልተናገረችም።

ሰዓቱ ወደ አሥራ ሁለት ሲጠጋ ፈሪድ ስልኩን ጨብጦ መጣ።

"ስለ ዋጋ አይደለም" አለ ቀድሞ። "ስለ ሰዓት ነው።"

"እሺ።"

"ባቱ ሐይቁ ዳር አዲስ ማረፊያ የከፈተ ማናሴ የሚባል ወዳጅ አለኝ። ሃያ ጥንድ ባለቀለም አንሶላ ይፈልጋል። ዛሬ ሠርግ ላይ ነው፤ ነገ ጠዋት እደውላለሁ ብሎኛል። ሃያ ጥንድ ማለት ያ መደርደሪያ ነው። 'በደንበኞች ጥያቄ ቅናሹ ለሦስት ቀን ተራዝሟል' በይ። ሁሉም ይላል።"

"ልጄ፣ እየተሸጠ ያለን ነገር ማን ይዘጋል?" አለች ዘርፉም የስልኩን አፍ በእጇ ከድና።

ሀዊ ፈሪድ ያመለከተውን መደርደሪያ አየች። ፕሮግራሙ ራሱ ማራዘሚያ ቁልፍ አለው፤ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። ጠዋት ከመቂ የደወለችውን ሴት አስታወሰች። ማታ ያበቃል ብላት፣ ሴትዮዋ ባሏን ከተኛበት ቀስቅሳ ገንዘብ አስልካ ነበር።

"ማታ ያበቃል ያልኳቸው ሰዎች አሉ" አለች። "በእኔ ቃል ነው ተሯሩጠው የከፈሉት። ነገ ከፍተው ሲያዩት ቅናሹ እዚያው ቢሆንስ? በሚቀጥለው ስናገር ማን ይሰማኛል?"

"ለማናሴ ብቻ—"

"ደውልለት። ገና አልመሸም።"

ፈሪድ ደወለ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ወደ በሩ ወጥቶ እንደገና ደወለ። አንድ ጊዜ የተነሳ መሰለ፤ የከበሮና የእልልታ ድምፅ ተሰማ፣ ማናሴ የሚለው የፈሪድ ጩኸት ግን ሰሚ አላገኘም። ተመልሶ ሲገባ ሀዊ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ነበር።

አሥራ ሁለት ሲሆን ዘመቻውን ዘጋችው። የተሰረዘው ቁጥር ጠፋ፤ ሺህ ዘጠኝ መቶው ብቻውን ቀረ።

"ነገ ሲደውል ዋጋው ይኸው ነው" አለች። "ምርቃቱን ግን አንተ ምረጥለት። የፈለግኸውን ያህል።"

"የፈለግኩትን?"

"የፈለግኸውን። ቁጥሩን ብቻ አትንካው።"

ፈሪድ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ፤ ዘርፉ አነሳችው።

"አብቅቷል የኔ እናት። አዎ፣ አሁን ነው ያበቃው... ሺህ ዘጠኝ መቶ... እሱማ መጨረሻው ነው። መርቁልኝ ካልሽ እንነጋገራለን። ከየት ነው የምትደውይው? መተሐራ የት ጋ?"

ሀዊ ብዕር አንስታ ስሙን ለመጻፍ ጠበቀች። ፈሪድ እጅጌውን ፈትቶ ቁልፉን ቆለፈ፣ ጃኬቱን ከምስማሩ ላይ አነሳ፤ የታሰሩትን ዕቃዎች እየተሻገረ ወጥቶ፣ ማናሴን ነገ ባቱ ላይ በአካል ሊያገኘው ወደ አውቶቡስ ተራ አቀና።

"የት ጋ አልሽኝ?" አለች ዘርፉ። "ጮክ በይ፣ አልሰማሁሽም። ሀዊ፣ ጻፊ።"